የቦሰና እሺ

በዚያ ዘመን ጎጃም በረንዳን ረግጦ ቦሰናን አላውቃትም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ዋሽቷል ወይ ዱላዋ ስቶታል። በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ የወንድ፣ ምላሷ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ሰው ታርድ ነበር። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የሚመጣውን ዛላ በርበሬ በጆንያ እየተረከበች ትሸጣለች፤ ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ የወይራ ሽመል አቁማ ነው የምትውለው። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ሚዛን ላይ እጁን የሚጭን ደላላ፣ ጆንያ ቀዶ የሚሮጥ ሌባ፣ "የኔ እናት ትንሽ ጠጋ በይልኝ" እያለ ቦታ የሚገፋ ጎረቤት፣ ሁሉም የሽመሉን ጣዕም ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ቁጣ ከሰማይ አልወረደባትም። በልጅነቷ አገር ቤት ለአንድ ጎልማሳ ገበሬ ድረዋት ነበር። ሰውየው ሲጠጣ ይመታል፣ ሳይጠጣም ይመታል። ኮብልላ አባቷ ቤት ትገባለች፤ ባልየው ሽማግሌ ይልካል፤ አባትየው ሽማግሌ አክባሪ ነውና "እሺ" ይላል፤ ልጅቱም እያለቀሰች ትመለሳለች። ስትመለስ ዱላው ከነወለዱ ይጠብቃታል። ስንቴ እንደተመላለሰች አምላክ ይወቅ። በመጨረሻ ክንዷን ሲሰብረው ወደ አባቷ አልሮጠችም። በርበሬ የጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ወጥታ፣ በጆንያዎቹ መሀል ተወሽቃ፣ እያስነጠሳት መርካቶ ገባች። "የሰበረኝ ባሌ አይደለም፣ የአባቴ እሺ ነው" ትል ነበር በኋላ በኋላ ስትናደድ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ከአፏ የሰማ የለም። "ይሁና" ትላለች፣ "እናያለን" ትላለች፣ ደስ ያላት ቀን "ጥሩ" ትላለች። እሺ ግን፣ ብታርዷት አትልም።

እዚህ ሌላ ባል አገባች። ይሄኛው ደግ ሰው ነበር፤ ደግ ሰው መቼ ይበረክታል፣ ደርግ ለጦርነት አፍሶት ሰሜን እንደሄደ ቀረ። እሷ ከእንግዲህ አትወልድም ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ነበር ያረገዘችው፤ አዲስዓለምን ሆዷ ውስጥ ትቶላት ሄደ። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ ገበያው ባለቤት አልባ በመሰለበት ጊዜ፣ አንድ ጎረምሳ ፌሮ ይዞ መጣና "ቦታው የኔ ነው፣ ልቀቂ" አላት። ቦሰና ያዘለቻትን ልጅ አውርዳ ጆንያ ላይ አስቀመጠቻትና ገጠመችው። ቅንድቧን ተረተረው። ደሙ ዓይኗን እየሸፈነባት ሽመሏን ሳትጥል ትከሻውን አወለቀችው፤ ጎረምሳው በሰው ሸክም ነው የሄደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዋን የደፈረ አልነበረም።

ልጇን ግን እንደራሷ አላሳደገቻትም። አዲስዓለም አንዴ ትምህርት ቤት ልጅ መታች ተብሎ ክስ ቢመጣ ቦሰና ራሷ ገረፈቻት። "አንቺ እጅሽን አታንሺ! አፍሽንም አትክፈቺ! ለሁለታችንም የምጣላው እኔ አለሁ!" አለቻት። ልጅቱም እንደተባለችው ሆና አደገች፤ ሲገፏት የምትገፋ፣ ሲናገሯት አንገቷን የምትደፋ። ለአካለ መጠን ስትደርስ መስፍን የሚባል፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሽማግሌ ላከባት። ንጹሕ ለባሽ፣ ራጉኤልን ሳይሳለም ሱቁን የማይከፍት፣ ሲናገር ከአፉ ማር ጠብ የሚል። ቦሰና ከእግር እስከ ራሱ አየችውና "ይሁና" አለች።

አይ ሰው! መልክ አይቶ ሚዛን ላይ ማውጣት የማይቻል ዕቃ ቢኖር ሰው ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ አዲስዓለም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወደ እናቷ መጣች። ቦሰና ነጠላውን ገፈፈችው። አንደኛው ዓይኗ በእብጠት ጠፍቷል፣ ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል።

"ማነው?"

አዲስዓለም ነጠላዋን መልሳ ልትከናነብ ሳበች።

"አዲስዬ፣ ማነው ብዬሻለሁ!"

"እማዬ፣ ሆዴን ረገጠኝ" አለችና ጆንያው ላይ ተደፋች። "ወረደ። የያዝኩት ልጅ ወረደ። ደግሞ ሁለተኛ ከዚህ ቤት ብትወጪ በሬሳሽ ነው ብሎኛል።"

ቦሰና ሽመሏን መዘዘች። ከፊት ለፊቷ የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ የምትሸጠው ማሂራ፣ ስልጤ ናት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡም ሲደጋገፉም የኖሩ ባልንጀራዋ፣ "ቦሴ! ደም ግፊትሽን አስቢ እንጂ! ቦሴ!" እያለች ተከተለቻት፤ ማን ይሰማታል። ቦሰና የሶማሌ ተራን ጭቃና የሞተር ዘይት እየረገጠች ስትደርስ መስፍን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከደንበኛ ጋር ይስቃል። ሳቁን ሳይጨርስ የመጀመሪያው ሽመል አንገቱ ሥር አረፈ። ደንበኛው ሸሸ። መስፍን ክሪክ አንሥቶ ሊወረውር እጁን ሲያነሣ አንጓውን መታችው፤ ክሪኩ የገዛ እግሩ ላይ ወደቀ። ባንኮኒውን ዘላ፣ አዎ በዚያ ዕድሜዋ ዘላ፣ ጥግ አስገብታ ወቀጠችው። ግንባሩ ተፈነከተ፤ ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ተንዠቀዠቀ። ሞተር የሚፈቱት ልጆች ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ እንጂ ማንም አልገላገለም።

ያን ጊዜ ነው ለመናገር አፏን የከፈተችው። የምትለውን መንገድ ለመንገድ ስታሰናዳው ነበር የመጣችው። "ልጄ ሁለተኛ ደጅህን አትረግጥም! ሽማግሌ ብትልክ፣ ጳጳስ ብትልክ አልሰጥህም! ሕዝብ ይስማኝ!" ልትል። አፏ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሽመሉ ከቀኝ እጇ ሾልኮ ወደቀ። ልታነሣው ብላ ጎንበስ ስትል ቀኝ እግሯ ከዳት፤ ባንኮኒውን ይዛ ተንሸራተተች፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። መስፍን ደሙን ጠርጎ ቁልቁል አያት። ከዚያ ጎኗን በእርግጫ አላትና "አያችሁ? እግዜር ሲመታ እንዲህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ማሂራ ደርሳ አንድ የወደቀ የመኪና ብረት ባታነሣበት ኖሮ ይደግማት ነበር።

ሆስፒታል ስትሮክ ነው አሉ። ሰፈሩ ምች ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ሐኪሙ ቸኩሎ ነበር፤ "አንጎሏ በግራ በኩል ደም ተቋርጦበታል፤ አዋሯት፣ አፏ ቀስ በቀስ ይመለስ ይሆናል" ብሎ ወደ ሌላ አልጋ ሄደ። ቀኝ እጇ ሞተ፣ ቀኝ እግሯ ተጎታች ሆነ። አዲስዓለም ራጉኤል ጀርባ ወዳለችው የእናቷ ቤት ጠቅልላ ገባች፤ እያጎረሰች፣ እያጠበች፣ ስታገላብጣት ከረመች። አንድ ጠዋት "እማዬ፣ ውኃ ልስጥሽ?" ስትላት ቦሰና ከንፈሯን አላቀቀች።

"እሺ" አለች።

አዲስዓለም እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። የተመለሰላት ያቺው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በዓለም ካለው ቃል ሁሉ መርጦ፣ አባቷ እሷን ያረደበትን ቃል! ቦሰና ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉ ይገባታል። ልትለው የፈለገችውን ከውስጥ ታየዋለች፤ ውኃን ውኃ፣ ማንኪያን ማንኪያ፣ ሌባን ሌባ ብላ ታውቀዋለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል። ከከንፈሯ ሲወጣ "እሺ" ይሆናል። ተናዳ በራሷ ምልክት ልትሰጥ ብትሞክር አንገቷም አሾፈባት፤ ወደ ጎን ልትነቀንቀው ስትል ወደ ታች ይወርዳል። ግራ እጇን ጥርሷ መሀል ከታ እስኪደማ የነከሰችበት ቀን አለ። አዲስዓለም ሕመሙ መስሏት ፀበል ረጨቻት።

በርበሬው እንዳይቀር አዲስዓለም እናቷን ደግፋ እያመጣች፣ ጥግ በርጩማ ላይ አስቀምጣ መሸጥ ጀመረች። መርካቶ ለጉድ ያለው ፍቅር! "ቦሰና እሺ አለች" እየተባለ ሰው ለማየት ይመጣ ነበር። "የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው" ይላል አንዱ፤ አንዱ "እትዬ ቦሰና፣ ያገቡኛል?" ይላል፤ "እሺ!" ስትል ይንከተከታሉ። እሷ እዚያ በርጩማ ላይ ሆና በልቧ ስንቱን ፈነከተችው መሰላችሁ።

ከሣቂዎቹ መሀል ተንኮል የያዘ አንድ ሰው ነበር፤ አሸብር የሚባል የበርበሬ ደላላ። የድሮ የሽመል ቂም አለበት። አዲስዓለም ዞር ባለችበት ሰዓት ሁለት ሰው አስከትሎ መጣና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እትዬ ቦሰና፣ ይቺን የቀኝ ወገን ቦታ ለኔ ይለቁልኛል?" አላት።

"እሺ!" ጮኸች። "እጄን ቆርጬ እሰጥሃለሁ እንጂ ቦታዬን አልሰጥህም" ልትል ነበር።

"ሰምታችኋል!" አለና አሸብር ጆንያዎቿን ወደ መንገዱ ይወረውር ጀመር። አንዱ ተቀዶ ዛላው ጭቃ ላይ ተበተነ። ቦሰና በግራ እጇ ኮቱን ጨምድዳ "እሺ! እሺ! እሺ!" እያለች ከበርጩማዋ ተጎትታ ወደቀች።

ማሂራ ሳፋዎቿን ጥላ መጣች። ባልንጀራዋን አነሣቻት። የቦሰና ምራቅ በአገጯ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኗ ደም ለብሷል። ማሂራ ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ ሰው ከመፈንከቱ በፊት የሚመጣ ዓይን ነው።

"ቦሴ፣ እዪኝ። ማሂራ ነኝ?"

"እሺ።"

"ጢም አለኝ?"

"እሺ።"

"ይሄ ሌባ ቦታሽን ይውሰድ?"

"እሺ!" አለችና የማሂራን ክንድ እስኪደነዝዝ ጨበጠችው።

"ያ አላህ!" ማሂራ ተነሥታ ቆመች። "ሰዎች! ይቺ ሴት የተረፋት ቃል አንድ ብቻ ነው! ለክፉውም ለደጉም እሺ ነው የምትለው!"

"እሺ እሺ ነው፣ ምስክር አለኝ" አለ አሸብር።

"ምስክርህን እንካ!" አለችና ማሂራ በባልዲ አፍንጫውን አለችው። ባልዲው ተሰነጠቀ፣ አፍንጫውም አልተረፈም። እዚያው ገበያ የሚሠሩት ወንድሞቿ ደርሰው ከሱ ሰዎች ጋር ተያያዙ፤ ኩሊዎች ገቡበት፤ የተደፋው በርበሬ በእግር እየተፈጨ ተነሣና የሚደባደበውም የሚያየውም እያስነጠሰ፣ እያነባ ተበታተነ። ጆንያዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አሸብር ግን ደሙን በመሐረብ ይዞ የሄደው ወደ ሐኪም አልነበረም፤ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። "አማትህ ለጠየቋት ሁሉ እሺ ትላለች። ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌ ላክ እንጂ" አለው መስፍንን።

መስፍን አስቀድሞ መሬቱን አለሰለሰ። አንድ ማታ የአዲስዓለምን መንገድ ዘግቶ ጸጉሯን ጠቅልሎ ያዘና "ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ ካልሽ እናትሽን ከነቤቷ አነዳታለሁ፤ ሮጣ እንደማታመልጥ ታውቂያለሽ" አላት። ልጅቱ ቤት ገባች። ለማንም አልተናገረችም። እናቷን አጉርሳ ስትጨርስ እግሯ ሥር ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ወደ መስፍን ልመለስ?"

ቦሰና የቀራትን ጉልበት ሁሉ አጠራቅማ ያቺን አጭር ቃል ፈለገቻት። እምቢ። እዚያው ነች፣ ታያታለች። ከንፈሯን ገጠመች፣ ጉንጮቿ ተንቀጠቀጡ።

"እሺ።"

አዲስዓለም፣ ማሂራ "እናትሽ ለክፉውም ለደጉም እሺ ነው የምትለው" ብላ የነገረቻትን አልረሳችም። የፈራ ሰው ግን የሚሰማው ፍርሃቱ የሚለውን ነው። "አውቄው ነበር" አለችና ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ሸክም ሆንኩብሽ። እሄዳለሁ እማዬ።" ቦሰና በግራ እጇ የልጇን ቀሚስ ይዛ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" እያለች አብራት አነባች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። ልጇ ከዚያ ቤት ዳግመኛ የምትወጣው በቃሬዛ እንደሆነ፣ ለዚያም የሚፈርደው የገዛ አፏ እንደሆነ ታውቃለች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ እሷ ላይ ምሳሩም እጀታውም የራሷ ምላስ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የሚመሯቸው ጋሼ ደምመላሽ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንት ትዳር ያቆሙ፣ በመርካቶ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ።

"እሺ ካልተባልን አንቀመጥም፣ ወይዘሮ ቦሰና። ልጃችን መስፍን አጥፍቷል። እጁን ሰንዝሯል፤ ተጸጽቷል። እግርና እግርም ይጋጫል። እርስዎንም አሳክማለሁ፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ብሏል። ልጅዎ ወደ ቤቷ ትመለስለት?"

ማሂራ ከጥግ ተነሣች። "ጋሼ ደምመላሽ፣ አይጠይቋት! ልትል የምትፈልገውን አትለውም። እኔን ወንድ ናት ወይ ቢሏትም እሺ ነው የምትለው!"

"ልጄ፣ ይሄ የሽማግሌ ጉባኤ ነው" አሉ ጋሼ ደምመላሽ ሳይቆጡ። "እናት እያለች ጎረቤት አይመልስም። ወጉን አታፍርሺ።"

"ወጉ ገደል ይግባ!"

"ወዲያ ውጪልን" አላት ሁለተኛው ሽማግሌ፤ ማሂራ ግን በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልወጣችም።

ቦሰና ከንፈሯን ጨምቃ ያዘች። ካልተናገርኩ አይወስዷትም ብላ አሰበች። አፏን በግራ እጇ ከደነችው። ጋሼ ደምመላሽ ግን ማክበራቸው መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጇን ከአፏ ላይ አንሥተው ሳሙት። "ይበሉ እንጂ። ትመለስ?" ሲሉ አምልጧት ወጣ።

"እሺ።"

"አንድ" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ይቅር ብለውታል?"

"እሺ!" እያለች ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጨች። እንባዋ ወረደ።

"እናት ናት፤ ሆዷ ባብቶ ነው" ተባባሉ። "ለመጨረሻ እንጠይቅዎ፤ በሙሉ ልብዎ ነው?"

"እሺ! እሺ! እሺ!"

"እሺ ይበልጣል ከሺ!" አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ መረቁ፣ ተቀመጡ። አዲስዓለም ጥጉ ላይ አንገቷን እንደደፋች ነጠላዋን አስተካከለች። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

መስፍን ተጠራ። በእርቅ ወግ መሠረት ነጭ ጋቢውን አደግድጎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እያጎነበሰ ገባ። ዓይኑ እርጥብ ነው፤ እንዴት እንዳረጠበው እሱ ይወቅ። ቦሰና እግር ሥር ተደፋ። ጋሼ ደምመላሽ "ይቅር ብላሃለች" ብለው ድንጋዩን አወረዱለትና መሬት ላይ አኖሩት። ጉልበቷን ሳመ። ከዚያ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ አማቲቱ አንሥታ ጉንጩን ትስመዋለች፣ እርቁ ይታሰራል። እሷ ማንሣት ስለማትችል ራሱ ተነሥቶ አቀፋት። ጉንጩን ጉንጯ ላይ ለጠፈ፣ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። ድምፁ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ሆኖ ወጣ።

"አየሽ አሮጊት? በገዛ አፍሽ ሰጠሽኝ። አጥንቷን ለቅሜ ነው የምልክልሽ። ሂጂና ንገሪ።"

የእሱ አፍ የእሷ ጆሮ ላይ ከሆነ፣ የእሱ ጆሮ የት እንደሚሆን አስቡት። ቦሰና አፏን ከፈተች፤ በዚህ ጊዜ ቃል አልፈለገችም። ጥርሷን ገጠመችው።

መስፍን እንደ በሬ አጓራ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተፈናጠሩ። ሊላቀቅ ሲጎትት ጆሮው አብሮት አልሄድ አለ፤ ግራ እጇ የጋቢውን ጫፍ አንገቱ ላይ ጠምዝዞ ይዞታል። ደሙ በአገጯ፣ በደረቷ፣ በነጩ ጋቢ ላይ ወረደ። "አስለቅቁኝ! ትበላኛለች!" አለ፣ ከዚያ ወጉን ሁሉ ረሳ። ቡጢውን ጨብጦ በሞተው ጎኗ በኩል ፊቷን ወገራት። አንዴ። ደገማት። በሦስተኛው ጥርሷ ተሰበረ፣ ከበርጩማዋ ተገለበጠች፤ የጆሮው ቁራጭ ግን አፏ ውስጥ ቀረ። መሬት ወድቃ እያለች በእርግጫ ሆዷን ሊላት እግሩን አነሣ።

ሽማግሌዎቹ ደርቀው ቀሩ። ሽባ አማቱን፣ ገና ድንጋይ ከጀርባው በወረደበት ቦታ ላይ!

እግሩ አላረፈም። ለእርቅ የመጣው ድንጋይ ጉልበቱ ላይ አርፎ ቀጭ አለ፤ መስፍን ተንበረከከ። አዲስዓለም ድንጋዩን በሁለት እጇ እንደያዘች በእናቷና በባሏ መሀል ቆማለች። በሕይወቷ እጇን በሰው ላይ ስታነሣ ይህ ሁለተኛዋ ነበር።

"አልሄድም" አለች። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ደግማ አወፈረችው። "አልሄድም! ልጄን ገድሏል። እናትሽን ከነቤቷ አነዳታለሁ ብሎኛል። ትገድሉኝ እንደሆነ እዚሁ ግደሉኝ እንጂ አልሄድም!"

"እናትሽ ሰጥታኛለች!" መስፍን ጆሮውን ይዞ፣ ጉልበቱን ይዞ ይጮኻል። "ሽማግሌ ፊት ሦስት ጊዜ እሺ ብላለች! ጋሼ ደምመላሽ፣ ቃል ቃል ነው፣ ይፍረዱ እንጂ!"

ጋሼ ደምመላሽ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማሂራ የቦሰናን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ደሙን በሻርፗ ትጠርጋለች። ሽማግሌው የቦሰናን ዓይን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ቅድም ያን ያህል ሲጠይቋት ዓይኗን አላዩትም ነበር። 

"ወይዘሮ ቦሰና፣ አንዴ ብቻ ልጠይቅዎ። ልጅዎ ወደዚህ ሰውዬ ትመለስ?"

ቦሰና አፏ ውስጥ ያለውን ተፋችና፣ ደሟን ውጣ፣ ዓይኗን ከመስፍን ላይ ሳታነሣ፦

"እሺ!" አለች።

ጋሼ ደምመላሽ ተነሡ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ወደ መስፍን ዞሩ።

"ሰምተሃል። እምቢ ብላለች። ውጣ!"